የአኩራፊዎቹ ምድጃ

ሰው ይስቅብኛል ብዬ እስከ ዛሬ ዋጥ አድርጌው ነበር። ግን በእኔው ቤት፣ በእኔው ዓይን ፊት የሆነ ነው።

ማታ እንዳይመስላችሁ። ረፋድ ላይ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው።

አናጢ ነኝ። የምሠራው ግቢዬ ጥግ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ያን ክረምት ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ኮላዬ አልደርቅ ቢለኝ ከአሮጌ በርሜል ምድጃ ሠርቼ እዚያው ተከልኩ።

ሚስቴ ስታየው ጨሰች።

"ለእንጨትህ ታስባለህ... ልጅህ በብርድ ትሙት?"

ልጃችን ገና ጨቅላ ናት። እኔም ዝም አላልኩም። ተኳረፍን።

አኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል ይባላል። እኛ ምሳውንም እራቱንም በልተናል፤ የጠፋው ቃል ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ክፍሌን ስከፍት...

ሞቋል።

እሷ ናት ያነደደችው፣ አልኩ በልቤ። አፏ ባይታረቀኝም እጇ ታርቆኛል። ደስ አለኝ፤ ላመሰግናት ግን ኩራቴ አልፈቀደም።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ እንዲሁ ሆነ። ሙቀቱ እስከ ማታ አይለቅም፤ ምድጃውን ከፍቼ ማገዶ መጨመር እንኳ አላስፈለገኝም።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ... የፈለጥኩት እንጨት አይጎድልም።

ኮላው ከደረቀ ምን አገባኝ፣ ብዬ ተውኩት።

ያን ዕለት ረፋድ ላይ ሚስማር ገዝቼ ስመለስ ሚስቴ ሳህን ታጥባለች። ልጅቷ አጠገቧ የለችም።

"ልጅቷስ?" አልኩ ኩርፊያዬን ረስቼ።

"ሥራ ክፍልህ አስተኛኋት፣ እዚያ ይሞቃል።" ፈገግ አለች። "በየጠዋቱ ለእሷ ብለህ ስታነድ... እኔም ቂሜን ተውኩት።"

ክው አልኩ።

"እኔ? አንቺ አይደለሽም እንዴ የምታነጂው?"

ሳህኑ ከእጇ አመለጠ። ተያይዘን ሮጥን።

ክፍሉ ሞቃት ነው። ልጄን ከነብርድ ልብሷ አፈፍ አደረግኋት... ትተነፍሳለች።

ሚስቴ የምድጃውን መዝጊያ ከፍታ እጇን ሰደደች።

"እሳት የለም..." አለች በሹክሹክታ። "እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል..."

ልጄ ክንዴ ላይ ነቅታ ማልቀስ ጀመረች።

አንዳችንም አፋችንን ሳንከፍት... ከባዶው በርሜል ውስጥ፣ ቀስ ብሎ፣ የሴት ድምፅ...

"እሹሩሩ..."

ልጄም ወዲያው ዝም አለች።