በሳፋ የተያዘ ውሃ

«ለሰው ይሆናል፤ ለከብትም ይሆናል። ለብረትስ ይሆን ይሆን፣ አባ?»

ከዚህ በኋላ የተባለውን ፅጌ ማርያም በደንብ አታስታውሰውም። ከዱርቤቴ ማዶ ካለው የአባቷ ቀዬ ወደ አጎቷ ቤት፣ ባሕር ዳር፣ በመጣችበት ሰሞን ነበር። ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። ከምሳ በኋላ ሸለብ ሲያደርጋት የአጎቷ ሚስት ወይዘሮ የሻሽወርቅ ከንስሐ አባታቸው ጋር በር ላይ በሹክሹክታ ሲነጋገሩ ሰማች። አባ ወልደ ሐዋርያት ሳል ቀደማቸው። ከዚያ «ብረቱ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው አይደለም ወይ?» ያሉ ይመስላታል። ቀጥሎ ውሃ የሞላ ጀሪካን መሬት ላይ ሲቀመጥ ተሰማት፤ ሌላውን እንቅልፍ ወሰደው።

የትኛው ብረት እንደሆነ የገባት ካደገች በኋላ ነው። አንድ ማለዳ ወይዘሮ የሻሽወርቅ በመኪናው ፊት ቆመው አማተቡና ከኩባያ ጠበል ራዲያተሩ ውስጥ ሲያንቆረቁሩ አየቻቸው። እሳቸው አላዩዋትም። እሷም ለማንም አልተናገረች።

አሁን ያ ብረት ኮፈኑ ተከፍቶ ግቢው መካከል ቆሟል።

አሮጌዋ ፊያት አርብ ዕለት ከጢስ ዓባይ ስትመለስ ፈልታ መንገድ ላይ ቆማ ነበር። አጎቷ አቶ ሀብተ ሥላሴ ቸኩለው የራዲያተሩን ክዳን ሲከፍቱ እንፋሎቱ የእጃቸውን አንጓ ላጠው፤ ይኸው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ዛሬ እሁድ ነው። ቤንዚን እንዲቆጠብ መንግሥት ስለከለከለ እሁድ እሁድ የግል መኪና አይነዳም፤ ራዲያተር ለማጠብ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። በሰንበት ብረት ሲፈታ ማየት የማይወዱት ወይዘሮ የሻሽወርቅም ቅዳሴ ሄደዋል። አቶ ሀብተ ሥላሴ ፒንሳውን ያነሡት የሚስታቸው ነጠላ ከመንገዱ መታጠፊያ እስኪሰወር ጠብቀው ነው።

«ነይ እስቲ» አሏት ፅጌን። «የታችኛውን ቱቦ ስፈታው ዞር በይ። ውሃው መሬት ላይ ይፍሰስ።»

ፅጌ ደነገጠች። ጠበል እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም። ሮጣ ትልቁን ሳፋ አመጣችና ከመኪናው ሥር ገፋችው።

«ይህ ደግሞ ለምንድን ነው?»

«ግቢው እንዳይጨቀይ ነው፣ ጋሼ።»

«መቼም ባለሙያ ነሽ» ብለው ሳቁ።

ቱቦው ሲላቀቅ ውሃው ቡናማ ሆኖ ተንዶለዶለ። ከኋላው እንደ እንቁላል ቅርፊት ያለ ነጭ ስብርባሪ ተከተለ። አቶ ሀብተ ሥላሴ አንዱን አንሥተው በጣታቸው ፈረፈሩት። ሳቃቸው ጠፋ።

«ይህ የዝናብ ውሃ አይደለም። ከበርሜሉ ብቻ ሙዪ ብዬሽ አልነበር?»

«ከበርሜሉ ነው የሞላሁት፣ ጋሼ።»

«የዝናብ ውሃ ኖራ ከየት ያመጣል? ይህ ከድንጋይ ሥር የሚወጣ ውሃ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን አይተሽ የለም? ራዲያተሩን ደፍኖታል። ከጉድጓድ ቀድተሽ ከሆነ ቀዳሁ በይኝና ይብቃ።»

«አልቀዳሁም።»

«ታዲያ ማን ጨመረበት?»

ፅጌ ሳፋውን አየች። «አላውቅም» አለች።

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«መኪና ይጠገናል። ዓይን ዓይኔን እያየ የሚዋሸኝን ልጅ ማሳደግ ግን አልችልበትም። ረቡዕ ለሥራ ዱርቤቴ እሄዳለሁ። እስከዚያ እውነቱን ካልነገርሽኝ ልብስሽን ይዘሽ አብረሽኝ ትሄጃለሽ።»

በአባቷ ቀዬ ትምህርት ቤት የለም። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ደጅ ላይ ነው።

አቶ ሀብተ ሥላሴ ቱቦውን መልሰው አሰሩ፤ ንጹሕ ውሃ ሞልተው፣ የላይኛው ቱቦ እስኪግል ሞተሩን አስነሥተው አጠፉት። «እስኪበርድ አይነካም» አሉና የታሰረ አንጓቸውን ይዘው ወደ ቤት ገቡ።

ፅጌ አጥሩ ሥር ቁጭ አለች። ጎረቤቷና የክፍል ጓደኛዋ ጀሊላ የሒሳብ ደብተሯን እንደያዘች በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቀች።

«ምነው ፊትሽ? መኪናው አንቺ ላይ ነው እንዴ የፈላው?»

ፅጌ በሹክሹክታ ነገረቻት። ጀሊላ ከንፈሯን መጠጠች።

«አንቺ ደግሞ ፋራ ነሽ። ንገሪያቸውና ተገላገይ። እትዬን እንደሆነ አያባርሯቸውም፤ ሚስታቸው ናቸው።»

«ጋሼ ቄስ እዚህ ቤት ዝር እንዳይል ብለው ነበር እኮ። መሥሪያ ቤታቸው ውስጥ አንዱ ሰው ቤቱ ካህን ይመላለሳል ተብሎ ካድሬዎቹ በሚመሩት የውይይት ክበብ ተነሥቶበት ከሥራ ታግዷል። ከሰሙ ይጣላሉ።»

«እና አንቺ ዝም ብለሽ ዱርቤቴ ጥጃ ልታግጂ ነው? እኔንስ ሒሳብ ማን ያስረዳኛል?» ጀሊላ ትንሽ አሰበች። «እኛ ቤት የዘምዘም ውሃ በብልቃጥ አለ። እንኳን ለራዲያተር ለእኔም አያስነኩም።»

ፅጌ ሳትወድ ሳቀች። ወዲያው የግቢው በር ሲጢጥ አለ። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ከቤተ ክርስቲያን መመለሳቸው ነው። ፅጌ ተነሥታ እስከ ማድቤት ተከተለቻቸው።

«እትዬ፣ የመኪናው ውሃ ወጥቷል» አለች። «ግን መሬት አልነካም። በሳፋ ነው ያለ።»

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ነጠላቸውን ማጠፍ የጀመረው እጃቸው ቆመ።

«ለምን በሳፋ?»

«እንዳይረገጥ ብዬ።»

በርጩማውን ስበው ተቀመጡ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂ?»

«ከድሮ ጀምሮ።»

«ነገርሽው?»

«አልነገርሁም። ጋሼ ግን እኔ የጉድጓድ ውሃ ጨምሬ የዋሸሁ መስሏቸዋል። ረቡዕ ዱርቤቴ ይወስዱኛል።» አጥሩ ሥር ሳለች የቆረጠችውንም ተናገረች። «እርስዎን ማጋለጥ አልፈልግም፣ እትዬ። መሄድም አልፈልግም። እስከ ማታ እጠብቃለሁ። ከዚያ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጥፈው ጨረሱ።

«አንቺ ሳትመጪ ጋሼሽ ከነመኪናው ሲገለበጥ ሰዎች በሩን ሰብረው ነው ያወጡት» አሉ። «ከዚያ ወዲህ መንገድ በወጣ ቁጥር እስኪመለስ እህል አይወርድልኝም። ሌላ ምን ላድርግለት?» ከዚያ ተነሡ። «እስከ ማታ አትጠብቂ።»

አቶ ሀብተ ሥላሴ ወጥተው ቱቦው መብረዱን በጣታቸው እየነኩ ነበር። ሚስታቸውን ሲያዩ ስለ ሰንበት የሚወቀሱ መስሏቸው አንገታቸውን ኮፈኑ ሥር ቀበሩ።

«ልጅቱን ተዋት» አሉ ወይዘሮ የሻሽወርቅ። «ውሃው የእኔ ነው።»

«የምን ውሃ?»

«ጠበል። አባ ናቸው ከደሴት የሚያመጡልኝ።»

አቶ ሀብተ ሥላሴ ቀና ሲሉ ጭንቅላታቸው ከኮፈኑ ጋር ተጋጨ። በመጀመሪያ ያዩት የግቢውን በር ነው፤ ሰው ሰምቶ እንደሆነ። ቀጥለው ሳፋውን፣ ከዚያም ፅጌን አዩ።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«አላውቅም አልሽኝ።»

«እኔ የምናገረው አልነበረማ» አለች ቀስ ብላ።

የታሰረ አንጓቸውን ያዙ። ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «የሻሽ፣ የምንጭ ውሃ ኖራ አለው። የዘጋው እሱ ነው። አርብ ዕለት ሊገድለኝ ነበር እኮ።»

«አልገደለህም» አሉ ወይዘሮ የሻሽወርቅ።

አቶ ሀብተ ሥላሴ ጎንበስ አሉ። ከሞተሩ ጎን ያለውን ቆርቆሮ ከፍ አድርገው አሳዩዋቸው። አንድ ሹፌር ከአሰብ ያመጣላቸው አረንጓዴ ፈሳሽ ነው። «ውስጡ የሚገባው ይህ ነው። ዝገት ይከላከላል፤ ቶሎም አይፈላም።»

«ይግባ። እኔ ከእንግዲህ ላዩን ብቻ እረጫለሁ።»

«ጎረቤት ሳያይ።»

«ጎረቤት ሳያይ።»

«በሉ፣ ያንን ሳፋ ወዲያ ድፉልኝ።»

ሁለቱም ሴቶች አልተንቀሳቀሱም።

«እሱ አይደፋም፣ ጋሼ» አለች ፅጌ። «አጥሩ ጥግ ያለው ማንጎ ሥር ቢሆን ነው። ከድንጋዩ ጀርባ ማንም አያልፍም።»

አቶ ሀብተ ሥላሴ ሄደው የግቢውን በር ቀረቀሩና ተመለሱ። «ያንን ጫፍ ያዢ» አሏት። «ቀስ በይ፣ እንዳይፈናጠር።»

ሳፋውን በሁለት ወገን ይዘው እስከ አጥሩ ጥግ ተራመዱ። ውሃው የማንጎው ሥር ገብቶ እስኪያልቅ አጎቷ ጎንበስ ብለው ቆዩ። «ረቡዕ ዱርቤቴ ብቻዬን ነው የምሄደው» አሉ ቀና ሳይሉ።

ሲመለሱ ወይዘሮ የሻሽወርቅ መኪናው አጠገብ እንደቆሙ ናቸው። «አሁን የሞላኸውስ? ከዚያኛው ጋር ተቀላቅሏል እኮ።»

«የሻሽ፣ እስኪጠራ ድረስ ደጋግሞ ይታጠባል። ሁሉንም እየተሸከምሁ ልውል ነው?»

ፅጌ ባዶውን ሳፋ መልሳ ከቱቦው ሥር ገፋችው። አቶ ሀብተ ሥላሴ ሁለቱን ሴቶች ተራ በተራ አዩአቸው፤ ፒንሳውንም አነሡ።

«እሺ» አሉ። «እስኪጠራ ድረስ ያለውን ሁሉ ማንጎው ሥር አደርሳለሁ። ለዚህ ብቻዬን እበቃለሁ። አንቺ ሂጂና ከጀሊላ ጋር አጥኚ።»