ሁለት ሰው ያነበበው ማድቤት

ሊፍቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ሮዌና ስልኳን አየች፤ ሬናንቴም ስልኩን አየ። የሮዌና ስልክ ባትሪው ካለቀ ቆይቷል፤ ያፈጠጠችው ጥቁር መስታወት ላይ ነበር።

«ደህና ነሽ?» አላት ስድስተኛ ፎቅ ሲደርሱ።

«እ... ደህና።»

በሩ ሲከፈት ዘሎ ወረደ። ቢሯቸው ያለው ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው! በሩ እስኪዘጋ ድረስ የጥርስ ሐኪም ቤት ፊት ለፊት ግራ ተጋብቶ ቆሞ አየችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ ትፈርስ ነበር። ያን ሰኞ ግን ለመሳቅም ደከማት። ጥቁር ቀሚሷን አስተካክላ ወደ ሥራዋ ገባች።

ይህ ሰው እኮ ሰባት ዓመት ሙሉ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ነው።

ሥራቸው ሴቡ ከተማ ተቀምጠው ለአውስትራሊያ ሰዎች የቤት ፕላን መሣል ነው። ድሮ ማንኛውም ፕላን ሁለት ሰው ሳያነበው ከቢሮ አይወጣም ነበር። አንዱ ልኩን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው በቀይ እርሳስ ወረቀቱን እየተከተለ «ልክ» ይላል። ሬናንቴ አንባቢ፣ ሮዌና ባለ እርሳስ ነበሩ።

«በር፣ ዘጠና ሴንቲ።»

«ልክ።»

«መስኮት፣ መቶ ሃያ።»

«ልክ አይደለም! ዓይንህን ታጠብ!»

እንዲህ እየተባባሉ ስንት መቶ ቤት አነበቡ። ሰው በበርና በመስኮት ልክ ይዋደዳል ቢባል ማን ያምናል? እነሱ ግን ተዋድደዋል፤ የቀራቸው መናገር ብቻ ነበር። ረፋዱ ላይ ደግሞ ረድፉ ሁሉ ምሳ ዕቃውን ይከፍትና «እንብላ!» ይባባላል። ማንም ብቻውን አይጎርስም።

ከዚያ ሁሉም ሁለት ዓመት ከቤቱ ሠራ። ሲመለሱ ቢሮው ሌላ ሆኖ ጠበቃቸው። የኔ የሚሉት ጠረጴዛ የለም፤ ጠዋት ጠዋት ስልካቸው በመራቸው ቦታ ይቀመጣሉ። ፕላኑን የሚያርመው ኮምፒውተር ሆኗል። ግድግዳው ላይ የሁሉም ስም በደረጃ ተደርድሮ ይታያል፤ እጁ ለአፍታ ከሥራ ያረፈ ሰው ስሙ ቢጫ ይሆናል። በየሦስት ወሩ ከዝርዝሩ ግርጌ የተገኘው ሰው ከሥራ ይሰናበታል። ስለዚህ ሁሉም ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ፣ አንገቱን ደፍቶ ይሥላል። ክፉ የሆነ ሰው የለም፤ ሁሉም ጊዜ ነው ያጣው። በወር አንዴ ደግሞ «የአንድነት ቀን» ብለው ገመድ ያጓትቷቸዋል። ፎቶ ይነሱና ተመልሰው ጆሯቸውን ይደፍናሉ። ይቺ ናት እንግዲህ አንድነቷ!

የሮዌና ቅያሜ ግን ከዚህም ያለፈ ነበር።

ዓምና እናቷ አረፉ። ሰፈሩ ሁሉ ናናይ ይላቸው ነበር። ሮዌና መርዶውን በቢሮው የስልክ ቡድን ላይ ጻፈች። አሥራ አራት የሚያለቅስ ፊት መጣላት፤ አንዱ የሬናንቴ ነበር። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ጸሎት ተደረገ። ለቢሮ ሰዎች ብላ ለብቻ የደረደረቻቸው አሥራ አራት ወንበሮች ዘጠኙንም ቀን ባዶ ዋሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማንዳዌ፣ እናቷ ቤት ድረስ እየመጣ የናናይን ጥብስ ዓሣ የበላ፣ «ልጄ» ያሉት ሰው ለቅሶ ሳይደርስ ቀረ! ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ በቀር አላነጋገረችውም። በዚያ ቢሮ ሰው መሸሽ እንደሆነ ቀላል ነው።

ሐሙስ ዕለት ከአውስትራሊያ አንድ ፕላን ተመልሶ መጣ። «ቤቱ ቆንጆ ነው» ይላል መልእክቱ፤ «ግን ጓሮ ያለው ሁለተኛው ማድቤት ምንድን ነው? እኛ አላዘዝንም።» ኮምፒውተሩ አሳልፎታል። ልኩ ሁሉ ትክክል ነው፤ ኮምፒውተር ደግሞ ‹ለምን?› ብሎ አይጠይቅም። የማረሙ ተራ ለሮዌና ደረሰ። ሣዩ ማነው ብላ ብታይ ሬናንቴ ነው።

«ስህተት» የሚለውን ቁልፍ ከነካች የሬናንቴ ስም ከሁሉ በታች ይወርዳል። ሦስት ወሩ የሚዘጋው ደግሞ በማግስቱ ነበር።

መጀመሪያ ሳቀች። ሴቡ ውስጥ ዓሣ የሚጠበሰው ጓሮ ነው፤ ጭሱ ሳሎን አይገባም። ለአውስትራሊያ ሰው የጓሮ ማድቤት የሚሠራ ከሴቡ ሰው በቀር ማን አለ?

ከዚያ ሳቋ ቆመ።

ምድጃው በግራ በኩል ነው። ሥሩ ዝቅ ያለ አግዳሚ ወንበር አለ። በሩ ወደ ልብስ ማስጫው ይከፈታል። ከበሩ ሥር ሁለት ደረጃ አለ፤ አንዷ ከሌላዋ ታጥራለች። ያችን አጭር ደረጃ እናቷ ማድቤት በር ላይ የሠሯት አባቷ ነበሩ፤ ሲሚንቶ አልቆባቸው።

«ናናይ...» አለች ሳታስበው።

ወረቀቱን አትማ ወደ አቴ ሎርና ሄደች። አቴ ‹እትዬ› እንደማለት ነው፤ ሎርና የቢሮው ታላቅ እህት ናት።

«አቴ፣ ቀይ እርሳስ አለሽ?»

«እርሳስ? አንቺ ልጅ፣ በየትኛው ዘመን ነው ያለሽው?» አለችና ፀጉሯን የሰካችበትን ቀይ እርሳስ መዘዘች። ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ተበተነ። «መልሺልኝ ታዲያ፣ አብጃለሁ እንዳይሉኝ!»

ሮዌና ሬናንቴ ዘንድ ሄዳ ማዳመጫውን ከጆሮው አነሳች።

«አንብብልኝ።»

«ዌንግ...» ከዓመት በኋላ በቁልምጫ ስሟ ጠራት። ወረቀቱን አይቶ ወደ ግድግዳው ቀና አለ። «ስማችን ቢጫ ይሆናል።»

«ከፈለገ ይጥቆር! አንብብ!»

«ማድቤት... ሦስት ሜትር በሁለት ከአርባ።»

«ልክ።»

«በር... ሰባ አምስት።»

«ልክ። ናናይ በጎን ነበር የሚገቡት።»

«ደረጃ... አንደኛው አሥራ ስምንት፣ ሁለተኛው...»

«አሥራ አንድ» አለች እሷ። «ልክ። ለምን ሣልከው?»

«እኔ እንጃ። ሰኞ ነው፣ ከሊፍቱ በኋላ። የዕለቱ ሦስተኛ ቤቴ ነበር፣ ደክሞኛል። አንቺን ሳይሽ እሳቸው ትዝ አሉኝ... እጄ ዝም ብሎ ሄደ።»

«ለምን አልመጣህም ታዲያ?» ድምፅዋ ከፍ አለ። ረድፉ ማዳመጫውን ማውለቅ ጀመረ። «አሥራ አራት ወንበር ደርድሬ ነበር እኮ! ዘጠኝ ቀን! አንተ ደግሞ የሚያለቅስ ፊት ላክህልኝ! አንተ!»

ሬናንቴ አንገቱን ደፋ።

«ሌሎቹ ይሄዳሉ ብዬ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ረድፉ ሁሉ እዚያ ነው፣ እኔ ይቺን ቤት ልጨርስና ነገ እደርሳለሁ ስል... በአሥረኛው ቀን አቴ ሎርናን ‹ለቅሶው እንዴት ነበር?› አልኳት። ‹አንተ ሄደህ አልነበር እንዴ?› አለችኝ። ለካ ሁላችንም...»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አፈርኩ። ያፈረ ሰው ይዘገያል፤ ሲዘገይ ደግሞ የባሰ ያፍራል። ሰበብ የለኝም ዌንግ። ቀርቻለሁ።»

አቴ ሎርና ወዲያ ማዶ አፍንጫዋን ጠረገች። ሮዌና ቆማ አየችው። አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ሰበብ ነበር፤ ሰበቡን ልታፈርስበት ተዘጋጅታ ነበር የምትኖረው። ሰበብ የለኝም ሲላት ግን ንዴቷ የሚይዘው አጣ። ያን ያህል ጊዜ እንደናፈቀችው ያወቀችው ያኔ ነው።

«ስህተት» የሚለውን አልነካችም። ማድቤቱን አወጡና ለባለቤቶቹ «ይቅርታ፤ አሁን ሁለት ሰው አንብቦታል» ብለው ሁለቱም ስማቸውን ጻፉበት። ይህን ሲያደርጉ ግማሽ ቀን ሥራ ፈቱ። የኮምፒውተሩ ዓይን ደግሞ ይህን አያልፍም።

ዓርብ ከሰዓት ዝርዝሩ ተዘጋ። ሮዌና ከመጨረሻው ሦስተኛ ሆና ተረፈች። መጨረሻው ሬናንቴ ነበር።

ኩባያውንና ጃኬቱን ይዞ ተነሳ። እስከዚያ ዓርብ ድረስ ሰው ሲሰናበት የሚያውቁት በነጋታው ስሙን ከግድግዳው ሲያጡት ነው። አሁን ግን አቴ ሎርና ማዳመጫዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረች።

«እኔ እንደሆነ ዳግመኛ ‹ሌላው ይሸኘዋል› አልልም!»

አንድ በአንድ ተነሱ። እስከ ሊፍቱ አጅበው ሸኙት። ሮዌና ዞር ብላ ስታይ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ቢጫ ሆኗል።

«እሁድ የናናይ ሙት ዓመት ነው» አለችው የሊፍቱን በር በእጇ ይዛ። «ሌላ ሰው ይሄዳል እንዳትል።»

«ዘንድሮስ ቢገድሉኝም አልል» አለ።

እሁድ ማለዳ ሮዌና ሁለት ወንበር ብቻ አወጣች። ልብ አንዴ ከተጎዳ ወንበር መቁጠር ይፈራል። ጸሎቱ ሳይጀመር ግን አቴ ሎርና የሩዝ ኬክ በቅርጫት ይዛ ጂፕኒ ከሚሉት ታክሲ ወረደች፤ ከኋላዋ ስምንት ሰው። ወንበር ከጎረቤት መጣ። ጸሎቱ ሲያልቅ ሮዌና ጓዳ ገብታ የዓመቱን ጥቁር ልብስ አወለቀች፤ ብርቱካናማ ቀሚስ ለብሳ ወጣች።

ሬናንቴ አልገባም። ከአጥሩ በር ላይ የተጠቀለለ ወረቀት ይዞ ቆሟል።

«እንብላ!» አለችው።

«ጠግቤያለሁ።» እዚያ አገር በመጀመሪያው ጥሪ ዘው የሚል ነውረኛ ነው።

«እንብላ እንጂ!»

«አይ፣ አሁን በላሁ።»

ናናይ ሦስተኛውን የሚጠሩት ወገባቸውን ይዘው ነበር። ሮዌናም ወገቧን ያዘች። «ሬናንቴ! እንብላ ብዬሃለሁ!»

ገባ። ከምድጃው ሥር አሮጌው አግዳሚ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። ዓሣ በሩዝ በሉ፤ ሁለቱም ጭሱ ነው እያሉ ዓይናቸውን ጠረጉ። ማንዳዌ ውስጥ አንድ ግንበኛ ፕላን በእጅ የሚሥልለት ሰው እንደሚፈልግ ነገራት። ከዚያ እጁን ታጥቦ ወረቀቱን ዘረጋ። ትንሽ ቤት ነው፤ ጓሮው ውስጥ ማድቤት አለው።

«እርሳሱን ይዘሻል?»

ቀይ እርሳሱን ከፀጉሯ መዘዘች። ለአቴ ሎርና አልመለሰችላትም።

«ሳሎን፣ አራት በሦስት።»

«ልክ።»

«ማድቤት፣ ሦስት ሜትር በሁለት ከአርባ።»

«ልክ።»

«ነዋሪ...» አለና የወረቀቱን ጥግ አቃና።

«አንብብ እንጂ።»

«ነዋሪ... ሁለት።» ቀና ብሎ አያት። «ልክ ካልሽኝ።»

ሮዌና በእርሳሷ ጫፍ ከሳሎኑ እስከ ማድቤቱ ደረጃ ተከተለች።

«ልክ አይደለም» አለች።

ፊቱ አመድ ለበሰ።

«ደረጃዎቹን እኩል አድርገሃቸዋል» አለች በእርሳሷ እየከበበች። እንባዋ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። «አጭሯን መልስልኝ... ሌላው ሁሉ ልክ ነው።»