ኮሽ የማይል ድንች

ዕፀገነት ዓይኗን ማመን አቃታት። ሸዋ በር ከሚባለው የከተማው የግንብ በር አጠገብ፣ ከድንች ጠባሿ ከኸዲጃ መጥበሻ ፊት ቆሞ፣ በዘይት ከወዛ የጋዜጣ ጥቅልል ችብስ እያወጣ የሚጎርሰው ሰው አባቷ ነው። አባቷ እንደሻው! ያውም ዳጣ ጨምሮበት።

ባለፈው ወር ደረቱን ይዞ የወደቀው አባቷ። ሐኪሙ «ከዘይት ይራቁ» ያለው አባቷ። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቷ ገላነሽ ስልክ በጮኸ ቁጥር ክው ትላለች። ዕፀገነት ደግሞ አክስቷ ከድሬዳዋ ባመጣችላቸው ኤር ፍራየር በሚባል የኤሌክትሪክ መጥበሻ፣ በአንዲት ማንኪያ ዘይት ብቻ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት እየተመለሰች ድንች ስትጠብስለት ከርማለች። እሱስ ቢሆን «እጅሽ ይባረክ የኔ ልጅ፣ እንዲህ ያለ ድንች በልቼ አላውቅም!» ሲል አልነበር? ጉድ እኮ ነው!

«አባዬ!»

ዞር ሲል ጉንጩ በድንች ተወጥሯል። መዋጥም መትፋትም አቃተው። ጥቅልሉን ከኋላው ሊደብቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወደ እሷ ዘረጋው።

«ቅመሺ... ለእናትሽ ግን እንዳትነግሪ። አደራ!»

ዕፀገነት ጥቅልሉን አልተቀበለችም። አባቷ እሷን ሲለምን አይታ አታውቅም።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ፎገርከኝ? የኔው ይጣፍጣል አላልክም?»

«ምን ልበል ታዲያ? ስትደክሚ እያየሁ...» አንገቱን ደፋ። «ይልፈሰፈሳል ልጄ። ጥርስ ላይ ኮሽ አይልም።»

እንባዋ መጣ። ያን ቀን ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ስታየው የያዛት ፍርሃት እንዳለ ተመለሰባት። «ብትወድቅስ? እዚሁ መንገድ ላይ ብትወድቅስ?» ብላ ጮኸች። የባጃጅ ሹፌሮች ሳይቀሩ ዞረው አዩ።

ኸዲጃ ጭልፋዋን ጣለች። «ያ ረቢ! ታመው ነበር እንዴ? ወላሂ አላወቅኩም ጋሼ!» ጥቅልሉን ከእጁ ነጠቀችው። «ከእንግዲህ እኔ ጋ ለእርስዎ ድንች የለም። ሰላም ሊሉኝ ከሆነ ይምጡ።» ከዚያ ወደ ዕፀገነት ዞረች። «አንቺስ፣ እንደከተፍሽው ነው እንዴ መጥበሻው ውስጥ የምትከቺው?»

«አዎ።»

«በይ ስሚኝ፤ ግማሽ ሰዓት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው፤ ነጭ ነጩ ይውጣለት። ከዚያ በፎጣ አድርቂው፣ ጠብታ እንዳይቀር። ደራርበሽም አትከምሪው፣ ሳሳ አድርገሽ በትኚው። ኮሽ ካላለ ነይና እኔን ጠይቂኝ!»

አብረው ወደ ቤት አመሩ። በሩ ላይ ሲደርሱ አባቷ ክንዷን ያዝ አደረጋት። ዓይኑ «አደራ» ይላል።

ገላነሽ ብቅ አለች። «ምነው ቆያችሁ? ምን ሆናችሁ? ፊታችሁ ልክ አይደለም!» እጇ ደረቷ ላይ ነው።

ዕፀገነት መጀመሪያ እናቷን አየች፤ ከዚያ አባቷን። «ምንም» ብትል በቃ፣ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

«አባዬ ይነግርሻል» አለች።

ወደ ማድ ቤት ገባች። ድንቹን ላጠች፣ ከተፈች፣ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈችው። ንጹሕ ፎጣ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ጆሮዋን ወደ ሳሎን ጣለች። እጇን ሳታደርቅ ቆማ ጠበቀች። በመጨረሻ አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ገላነሽ» አለ፣ «እስኪ ቁጭ በይ።»