ሰሊማ ለአባቷ ያነበበችው

ሰሊማ ሰብስቤን መጀመሪያ ያየችው መቂ ገበያ ዳር ነው። ግማሹ ባዶ ከሆነ የጭነት መኪና ኋላ ቆሞ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ የሽንኩርት ጆንያዎቹን በቅሬታ ይመለከታል።

ጊዜው ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። ሰሊማ አዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርቷን ጨርሳ፣ ናዝሬት በአንድ የመንግሥት አትክልት ማከፋፈያ ድርጅት ሂሳብ ክፍል ገብታለች። የቅርንጫፉ ኃላፊ ጓድ ኃይለየሱስ መቂና ዝዋይ የሚላኩት መኪኖች ለምን ሳይሞሉ እንደሚመለሱ አጣርታ እንድትመጣ ልከዋታል።

«ጓድ ሰብስቤ የሚባል የግዥ ሠራተኛ ፈልጌ ነበር» አለች።

«አገኘሽው።»

«መኪናው ለምን አልሞላም?»

«እኔም እሱን እየጠየቅሁት ነበር» አለ ወደ መኪናው በአገጩ እያመለከተ። «እስካሁን አልመለሰልኝም።»

ሰሊማ ሳቋን ዋጠችው። ለሥራ ነው የመጣችው፤ በዚያ ላይ የመጀመሪያ ቀኗ ነው። እሱ ግን ከንፈሯ ጫፍ ላይ የቀረውን አይቶት ኖሮ ፊቱን አዞረ።

ሰብስቤ የሸዋ ሰዎች ልጅ ነው፤ መቂ ተወልዶ፣ መቂ አድጎ፣ ከእርሻ ኮሌጅ ተመርቆ ተመልሶ መቂ የገባ። አባቱ ሞተዋል። እናቱ ወይዘሮ ጥሩነሽ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይጠፉ ሴት ናቸው። ኦሮምኛ ከሰፈር ልጆች ጋር አብሮት ስላደገ ከአማርኛው ለይቶ አያየውም። ሰሊማ ደግሞ ወላጆቿ ከወሎ መጥተው ናዝሬት የከተሙ ሙስሊሞች ናቸው። ኦሮምኛ ከሰላምታ አያልፍላትም።

የዚያን ዕለት ገበያው ውስጥ ይዟት ገባ። ከግራር ሥር የተቀመጡ ሴቶች ጆንያቸውን ተደግፈው ያወራሉ። ሰብስቤ ዝም ብሎ ቆሞ አዳመጠ።

«ምን ይላሉ?»

«‹እነዚህ የሚጠሩት ባሎቻችንን ነው› ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በገበሬ ማኅበር የተመዘገበው አባወራው ነው። የጓሮውን ሽንኩርት ውሃ እየቀዱ ያለሙት ግን እነሱ ናቸው። እኛ በድምፅ ማጉያ፣ በአማርኛ፣ ‹የማኅበር አባላት ቅረቡ› ብለን ወንዶቹን አሰልፈን፣ መዝነን እንሄዳለን።»

«የእነሱንስ ማን ይወስደዋል?»

«የሻሸመኔ ነጋዴ። ቁጭ ብሎ በቋንቋቸው ያናግራቸዋል።»

ሰሊማ ሴቶቹን አየች። አንደኛዋ ቀና ብላ አየቻትና ዓይኗን መለሰች።

«ሁለተኛ ሚዛን ይቁም» አለች ሰሊማ። «ለብቻ፣ ከወንዶቹ ሰልፍ ራቅ ብሎ።»

«ማን ይመዝናል?»

«እኔ። አንተ ደግሞ ትጠራልኛለህ።»

ጓድ ኃይለየሱስ ሐሳቡን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «የሴቶችን ጉዳይ የሚከታተለው የሴቶች ማኅበር ነው» አሏት።

«ጓድ ኃይለየሱስ፣ እኔ የማወራው ስለ ሽንኩርት ነው።»

መነጽራቸውን መልሰው አድርገው ፈቀዱላት።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሰብስቤ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ በእግሩ እየዞረ፣ በኦሮምኛ ጠራ። መጀመሪያ የመጣች የለችም። ፀሐይዋ ጠነከረች። ሰሊማ ሻሿን አጥብቃ ሚዛኑ አጠገብ ቆመች። በመጨረሻ አዴ ሸጊቱ የምትባል ጎልማሳ ሴት ጆንያዋን እየጎተተች መጥታ ሰሊማን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«አካም ጅርቱ» አለች ሰሊማ፣ ባለቻት የኦሮምኛ ሰላምታ።

ሸጊቱ ፈገግ ብላ ወደ ሰብስቤ ዞረች። «ኒቲ ኬቲ?»

ሰብስቤ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ምን አለችህ?»

«ሚዛኑ ልክ ነው ወይ ነው የምትለው።»

«ልክ ነው በላት» አለች ሰሊማ። ሸጊቱ ምን እንደተባለ ሳይተረጎምላት የገባት ይመስል ከት ብላ ሳቀች። ከኋላዋ ሌሎቹ ተነሡ። ያን ቀን መኪናው ሞልቶ ናዝሬት ገባ።

ከዚያ በኋላ ሰሊማ በየሳምንቱ መቂ መውረድ ጀመረች። ሥራው ያስኬዳታል፤ ሥራው ባያስኬዳትም ምክንያት አታጣም ነበር። ሰብስቤ ጋቢና ውስጥ አጠገቧ ተቀምጦ ኦሮምኛ ያስተምራታል። ቆቃን ሲያልፉ እሷ በመስኮቱ የሐይቁን ውሃ ታያለች፣ እሱ እሷን።

አንድ ቀን ቃላቱን በቃሏ ስትል ድንገት አቋረጠች።

«ኒቲ ማለት ሚስት ማለት ነው?»

«ነው።»

«እና ያን ቀን ሸጊቱ የጠየቀችህ…»

«ሚስትህ ናት ወይ ነው።»

ሾፌሩ መንገዱ ላይ ዓይኑን ተከለ።

«እኔ ደግሞ ‹ልክ ነው በላት› አልኩህ» አለች ቀስ ብላ።

«አላልኳትም። አንቺ አውቀሽ እስክትይው ልጠብቅ ብዬ ነው።»

እጁን እጇ ላይ አሳረፈ። ሰሊማ ናዝሬት እስኪደርሱ እጇን ከእጁ ሥር አላወጣችም።

ከቤት ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ሙስሊም ሴት ለክርስቲያን መዳር በእነሱ ቤት የማይታሰብ ነገር ነው። ወይዘሮ ጥሩነሽም ዘንድ ያው ነው። ሁለቱም ይህን ስለሚያውቁ ስለ ነገ አያወሩም ነበር።

በዚህ መሐል በህንድ አገር ያለ አንድ የንግድ ሥራ አመራር ትምህርት ቤት ለድርጅቱ ሠራተኞች አንድ ነፃ ቦታ ሰጠ። አመልካቾች ፈተና ከማለፍ ሌላ በእንግሊዝኛ ድርሰት እንዲጽፉ ተጠየቁ። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነበር፦ በሃይማኖት፣ በቋንቋ ወይም በኑሮ ከአንተ ከሚለዩ ሰዎች ጋር አብረህ ሠርተህ የምታውቅ ከሆነ፣ ምን እንዳደረግህና ምን እንደተማርህ ግለጽ።

ሰሊማ ጥያቄውን ስታነብ ልቧ ሞቀ። ይህን የሚመልስ ሰው ካለ እሷ ናት። ተቀምጣ ጻፈችና በሚቀጥለው ጉዞ ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ የሚጠበስበት ቤት፣ ለሰብስቤ ሰጠችው። እሱ እጁን ታጥቦ፣ አድርቆ፣ ወረቀቱን ተቀበለ። እስኪጨርስ ዓሣው በረደ።

«እንግሊዝኛው ቆንጆ ነው» አለ።

«ሌላውስ?»

«ሌላውም ቆንጆ ነው። አየሁ ይላል፤ ሰማሁ ይላል፤ አሳመንኩ፣ መዘንኩ ይላል።» ወረቀቱን በጥንቃቄ አጠፈው። «ሰሊማ፣ የዛን ቀን ሴቶቹ ሲያወሩ ማን ሰማቸው?»

ሰሊማ የታጠፈውን ወረቀት አየች።

«ሸጊቱም የለችበትም። ‹አንዲት ገበሬ› ነው የሚለው። እሷ ባትነሣ ማን ይነሣ ነበር?»

«ሸጊቱን አስገባታለሁ። አንተን ግን…» ድምፅዋ ወረደ። «አባቴ ምን ብለሽ እንደጻፍሽ ሳልሰማ አልመርቅሽም ብለውኛል። ስምህን ካነበብኩ ይጠይቁኛል። ከጠየቁኝ አልዋሽም።»

«ስሜ ይግባልኝ አላልኩሽም» አለ ሰብስቤ። «ፈተናውን አልፈሽ ብትሄጂ ከማንም በላይ ደስ የሚለኝ እኔን ነው። ግን ይህን ድርሰት ስታስቢው ከገበያው ሰልፍ የቀሩትን እንዴት እንዳስገባን ነው የሚናገረው። ስትጽፊው ደግሞ እኔን ውጭ ተውሽኝ። አመመኝ። የተሰማኝን ባልነግርሽ ውስጤ ይቀር ነበር።»

ቀና ብላ አየችው። አልተቆጣም። ተቆጥቶ ቢሆን መልስ ታገኝለት ነበር። ዓይኑ ውስጥ ያለው ግን ገበያ ዳር፣ ማንም ሳይጠራቸው የተቀመጡት ሴቶች ዓይን ላይ ያየችው ነገር ነው።

«ወረቀቱን ስጠኝ» አለች። «ዓሣህን ብላ።»

በመመለሻቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ነገ፣ ስለ ልጅም አወሩ። ድርሰቱን እንደገና ጻፈችው። አሁን አጭር ሆነ፤ ትልልቆቹን ቃላት አወጣቻቸው። በጁምዓ ከሰዓት አባቷ ከመስጊድ ተመልሰው ግቢው ውስጥ ከመኪናቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። አቶ መሐመድዘይን አሰብ መንገድ ላይ ጭነት ሲያመላልሱ ያረጁ ሾፌር ናቸው፤ ያቺ ኤንትሬ የጭነት መኪናቸው ከልጆቻቸው እኩል ትቆጠራለች። እናቷ ፋዲላ በረንዳው ላይ ምስር ትለቅማለች። ሰሊማ እንግሊዝኛውን እያየች በአማርኛ አነበበችላቸው።

«እኔ ኦሮምኛ አልችልም ነበር። ሴቶቹ የሚሉትን የሰማው የሥራ ባልደረባዬ ሰብስቤ ነው። እሱ ክርስቲያን ነው፤ እኔ ሙስሊም ነኝ። እሱ ብቻውን ቢሆን ሴቶቹ ወደ ሚዛኑ አይቀርቡም ነበር። እኔ ብቻዬን ብሆን ለምን እንደማይቀርቡ አላውቅም ነበር። ሸጊቱ ባትነሣ ደግሞ ሁለታችንም ባዶ ሚዛን ይዘን እንመለስ ነበር። የተማርኩት ይህን ነው፦ የማይመስለኝን ሰው እንግዳ አድርጌ ካስገባሁት ገና አላስገባሁትም። ሥራው የእሱም ሲሆን ነው የገባው።»

ጨረሰች። ፋዲላ ምስሩን መልቀም ትታለች።

«ጥሩ ጽፈሻል» አሉ አባቷ። «ይህ ሰብስቤ የምትዪው ማን ነው?»

«ላገባው የምፈልገው ሰው ነው።»

«ይሄ ወረቀቱ ላይ አለ?»

«የለም። ለእናንተ ብቻ ነው የነገርኩት።»

አቶ መሐመድዘይን የመኪናቸውን ጎማ ትክ ብለው አዩት። ሰሊማ አልተቀመጠችም።

«አንቺስ ሃይማኖትሽን?»

«እንዳሳደጉኝ ነኝ። እሱም እናቱ እንዳሳደጉት ነው። አንዳችን ሌላችንን ሃይማኖት ቀይር አላልንም።»

«ልጅ ቢመጣስ?»

«እሱን ገና አልጨረስነውም አባ። ግን መነጋገር ጀምረናል።»

«ቢያንስ አልዋሸሽኝም» አሉ በመጨረሻ። «ለትምህርትሽ እመርቅሻለሁ። ሰውዬውን ግን አላውቀውም። የማላውቀውን ሰው አልመርቅም፤ አልረግምምም።»

ሰሊማ ቦታውን አገኘች። ለስንብት ሰብስቤ እስከ ናዝሬት አውቶቡስ ተራ መጣ። ቤተሰቧ ዙሪያዋን ስለከበባት ራቅ ብሎ ቆመ። እሷ ግን በሁሉም ፊት ሄዳ ጨበጠችው።

«ትጠብቀኛለህ?»

«መቂ ነኝ» አለ። «የት እሄዳለሁ?»

እሷ ህንድ ሳለች አቶ መሐመድዘይን ለማንም ሳይናገሩ ሰብስቤን የማወቅ ሥራቸውን ጀመሩ። ከሻሸመኔ ባዶ መኪና እየነዱ ሲመለሱ መቂ ቆሙና ሰብስቤን ጭነት እንዲሰጣቸው ጠየቁት።

«መኪናዎ ከድርጅቱ ጋር ውል ስለሌለው አልችልም» አላቸው።

«ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። እርስዎን ከሌላው ባስቀድም ሰሊማ ምን ትለኛለች?»

አቶ መሐመድዘይን ሳቃቸውን ጺማቸው ውስጥ ደበቁት። ሰብስቤ ሻይ ጋበዛቸው። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ሳይጠይቁት ውሃ በማንቆርቆሪያ አምጥቶ፣ ጥላ ያለበትን ቦታ አሳያቸው፤ እስኪጨርሱም ሠራተኞቹ ድምፃቸውን እንዲቀንሱ ነገራቸው። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ባለፉ ቁጥር መቂ ላይ ይቆሙ ጀመር። ቤታቸው ስለ ሰብስቤ ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ልጁ አላሞካሸኝም።»

ከሁለት ዓመት በኋላ ሰሊማ ተመለሰች። ትንሽ ከስታለች፤ አረማመዷ ግን ፈጥኗል። ሰብስቤ ናዝሬት ተቀይሮ የግዥ ክፍሉ ኃላፊ ሆኗል። እሷም ወደዚያው ድርጅት ገባች፤ ንግግራቸውን ከቆመበት ቀጠሉት። ስለ ልጆች የጀመሩትንም ጨረሱ፦ የሁለቱንም ቤት በዓል አውቀው ያድጋሉ፤ አንዱን ቤት አፍረውበት አያድጉም። አባቷ ይህን ሰሙ። «የኔ አክስት ወሎ ሳለች ክርስቲያን አግብታ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ዘመድ ወቀሳት። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ቤቷ መሄድ ደስ ይለኝ ነበር።» ከዚያ መረቋት።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ግን እንቢ አሉ። ልጃቸው ቢለምን፣ ሽማግሌ ቢላክ፣ ፊታቸውን አልመለሱም።

ጋብቻው ማዘጋጃ ቤት ተፈጸመ። የሰሊማ ወገን ወንበሮቹን ሞላ። በሰብስቤ በኩል የድርጅቱ ሾፌርና ከመቂ ድረስ የመጣችው ሸጊቱ ብቻ ተቀመጡ። ምስክር ይሆናል የተባለው የእናቱ ወንድም አልመጣም። መዝጋቢው ሰዓቱን አየ፣ በሩን አየ።

«ለሙሽራው አንድ ወንድ ምስክር ይጎድላል፤ የቤተ ዘመድ ሰው» አለ። «ለሌላ ቀን ብናደርገው…»

ሰብስቤ አንገቱን ደፋ። ሰሊማ እጁን ያዘችው። ሲያፍር አይታው አታውቅም ነበር።

ያኔ አቶ መሐመድዘይን ከፊተኛው ወንበር ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ በሁለቱ ወገን መሐል ያለውን ክፍት ቦታ አቋርጠው፣ ከሸጊቱ አጠገብ ተቀመጡ።

«ለልጄ እናቷና ወንድሞቿ አሉላት» አሉ ለመዝጋቢው። «እኔን በእሱ በኩል ጻፈኝ።»

«ለሙሽራው ምኑ ነዎት ልበል?»

«አባቱ በል። የወለደው ከሞተ እኔ አለሁ።»

ወሬው መቂ የደረሰው በዚያው ዕለት ነው። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሰሊማ የአባቷ ግቢ በር ሲንኳኳ ሰምታ ከፈተች። ነጠላቸውን አጣፍተው የለበሱ፣ የአውቶቡስ አቧራ ጫማቸው ላይ ያለ ሴት ቆመዋል። ፊታቸው የሰብስቤ ፊት ነው። ተያዩ። ሁለቱም ማን ፊት እንደቆሙ አውቀዋል።

«ልጄ ሰው አጥቶ ሲቆም» አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ ድምፃቸው እየተሰበረ፣ «አባት የሆኑለት ሰው እዚህ ናቸው?»

«እዚህ ናቸው» አለች ሰሊማ፤ በሩንም ወለል አድርጋ ከፈተችላቸው። «ይግቡ እማዬ። ሰብስቤም አለ።»