እሁድ ጠዋት ዝም የሚለው ቤት

በሩ ከመከፈቱ ቁጣው ቀድሞ ወጣ።

«ስንቴ ኮል አደረግኩ! ኢንተርኔቱ ይኸው እንደተቆራረጠ ነው! አሁን ገና መጣችሁ?»

ሩሃማ ከማስኳ በላይ በቀሩት ዓይኖቿ ገላመጠችው። ረዘም ያለ፣ የኢስተን ሆቴል ዩኒፎርሙን ገና ያላወለቀ ወጣት ነው።

«ጨረስክ?»

«አልጨረስኩም!»

«ጨርስና ንገረኝ። እኔ የካምፓኒው ሰው አይደለሁም። ኢንተርኔታችሁ ለምን እንደሚቆራረጥ የማጠና ነኝ። እትዬ እናናዬ ናቸው ነይ ያሉኝ።»

ወጣቱ የሚገባበት ጠፋው። ኤልያብ ይባላል፤ የእትዬ እናናዬ ልጅ ነው።

ጊዜው 2021 ኤፕሪል ነበር። ሩሃማ በዲቪ የመጣች፣ ቀን ዌርሃውስ እየሠራች ኮምፒውተርን ራሷን በራሷ ያስተማረች፣ አሁን ደግሞ በኢንተርኔት ኔትወርክ ምርምር ዶክትሬቷን የምትሠራ ልጅ ናት። ኮሎምበስ ከተማ፣ ኖርዝላንድ በሚባለው ሰፈር፣ በየሐበሻው አፓርታማ መዳፍ የምታህል ሳጥን ትሰካለች። ሳጥኗ በየደቂቃው ሩቅ ያለ ኮምፒውተርን «አለህ ወይ?» እያለች ትጠይቃለች። መልስ ከጠፋ፣ መስመሩ ተቋርጧል ማለት ነው።

«ነርስ ብትሆኚ አይሻልሽም ነበር?» አሏት እትዬ እናናዬ፣ ሳጥኗን እያዩ።

«እትዬ፣ ነርሶቹም ያለ ኢንተርኔት አይሠሩም።»

ኤልያብ ሳቀ። ሳቁ አናደዳት... መኪናዋ ውስጥ ገብታ ግን ያንኑ ሳቅ ስታስብ ራሷን አገኘችው።

ከዚያ ወዲያ ሳጥኗን ሰበብ አድርጎ ይደውል ጀመር።

«ሳጥንሽ ደህና ናት። ግን ሳትናፍቅሽ አትቀርም።»

«ሳጥኗ ናት የምትናፍቀኝ?»

«እኔማ... ወኪሏ ነኝ።»

በጋው እንዲህ እየተሳሳቁ አለቀ። ሩሃማ ወደደችው፤ ሳትፈልግ፣ እየተናደደች ወደደችው።

በዚያው መከር አንድ ነገር አገኘች። ሞርስ ሮድ በሚባለው መንገድ አካባቢ ያሉት ቤቶች መስመራቸው ማታ ማታ ከመቋረጡ ሌላ፣ እሁድ ጠዋት ጠዋት አብረው ዝም ይላሉ። ካምፓኒው ሆን ብሎ የስደተኛውን ሰፈር መስመር ይቆርጣል ብላ ደመደመች። ጽፋ ለትልቅ ጉባኤ ላከች፤ ተቀበሏት። መጀመሪያ የደወለችው ለኤልያብ ነበር። እሱ ግን ደስ አላለውም።

«ሩሂ... የእሁዱን ነገር ፕሬዘንት አታድርጊው።»

«ለምን?»

«ዝም ብለሽ እመኚኝ።»

«ዝም ብዬ?! ዝም ብዬ የማምን ብሆን እስካሁን ዌርሃውስ ነበርኩ! የሴት ልጅ ስም ከፍ ሲል ያምሃል አይደል? በቃ! ሳጥኔን እወስዳለሁ!»

እሁድ ጠዋት ልትወስድ ሄደች። እትዬ እናናዬ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ተነስተዋል። ቲቪውን ነቀሉ። ማይክሮዌቩን ነቀሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሳጥኗን...

«እትዬ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ቤት ባዶ ሲሆን ሶኬት ተሰክቶ ይኬዳል እንዴ? አገር ቤት መብራት ሄዶ ሲመጣ ስንቱ ዕቃ ተቃጠለ! እዚህስ ሳይነቅል የሚወጣ ሐበሻ አለ?» ድንገት ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ኤልያብ አይቶኛል። ‹ትቀየመኛለች፣ እንዳትነግራት› ብዬ አስምዬው ነው...»

ሩሃማ ሶፋው ላይ ዘጭ አለች። የገዛ እናቷም ቤት ሲዘጉ ሁሉን ነቅለው ነው ያሳደጓት። እሁድ ጠዋት ሐበሻው ሁሉ ነቅሎ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ እንዴት አልታያትም?

በማግስቱ ለፕሮፌሰሯ ተናገረች።

«ጽሑፉን ከጉባኤው ማውጣት አለብሽ» አሏት። «ካልሆነም እነዚህን ቤቶች ከጥናቱ አስወጪያቸው። የማይታመኑ ናቸው።»

«የማይታመነው የእኔ ግምት ነው እንጂ ቤቶቹ አይደሉም! የእሁዱን በራሴ አፍ እሰርዛለሁ። የማታውን ግን ማንም አይሰርዘውም። ሰው ቤቱ ተቀምጦ፣ ሶኬቱ ተሰክቶ፣ ልጆች የቤት ሥራ ሊልኩ ሲሉ መስመሩ ይጠፋል። እሱን ማን ነቀለው?»

«ጉባኤው ቢስቅብሽስ?»

«ይሳቁ! ሲጨርሱ የማታውን አሳያቸዋለሁ።»

ከዚያ ቀጥታ ወደ ኢስተን ሆቴል ነዳች። ኤልያብ የሆቴሉ መቀበያ ጋ ቆሟል።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። አንዴ ነው የምለው፤ አልደግመውም።»

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«እኔ አልጨረስኩም።» ከመቀበያው ጠረጴዛ ዞሮ ወጣ። «ለእናቴ ብዬ ዝም ስል ስምሽን ላስጠፋው ነበር። ከዛሬ ወዲህ ሥራሽን የሚነካ ነገር ካየሁ፣ እናቴም ብትሆን እናገራለሁ። አንቺም ደግሞ... ከመፍረድሽ በፊት ጠይቂኝ።»

«እጠይቃለሁ። ትወደኛለህ?»

«ሩሂ! እንግዳ ቆሟል!»

«ይቁም። እሱም ይስማ።»

«እወድሻለሁ።»

ጉባኤው ላይ ስለ ሶኬቱ ስትናገር እውነትም ሳቁ። የማታውን ስታሳይ ግን የሳቀ አልነበረም። ጉባኤው ሲያልቅ አንድ የምርምር ተቋም ሥራ አቀረበላት፤ እዚያው ኮሎምበስ፣ በራሷ ጥናት ላይ።

ሠርጋቸው በ2022 ኦገስት፣ እሁድ ቀን ነበር። ሙሽራዋ ቬሏን ገለጥ አድርጋ ሳጥኖቿን ለማየት ስልኳን ከፈተች።

«ዛሬም?!» አለ ኤልያብ።

«ዛሬም!»

የእትዬ እናናዬ ቤት ባዶ ነው፤ ሁሉም ሰው አዳራሹ ውስጥ ነው። እዚያው የተወቻት ሳጥን ግን አልተነቀለችም፤ መስመሩ አልተቋረጠም። ሩሃማ ቀና ብላ አማቷን ፈለገች። እሳቸውም ስልኩን ከሩቅ አይተው ኖሮ፣ በዘፈኑ ላይ ጮኹ።

«ቲቪውንም ማይክሮዌቩንም ነቅያለሁ! ያቺን ግን... ምን ቆርጦኝ!»