የሮካቬርዴ ሰዎች የት ሄዱ?

ናርዶስ ከአክስቷ ከእታፈራሁ ጋር ሮካቬርዴን ልታይ ሄደች። ሮካቬርዴ በጣሊያን አገር፣ ከባሕሩ ጥግ ያለች አሮጌ ከተማ ናት።

ድሮ እዚያ የሚኖሩት ዓሣ አጥማጆች ብቻ ነበሩ። አሁን ግን ከየአገሩ ሰው ለመዝናናት ይጎርፋል።

ጠዋት ከተማዋ ጢም ብላ ሞልታ ነበር። ሰው ይስቃል፣ ልጅ ይንጫጫል፣ ባሕሩም «ሿ... ሿ...» ይላል።

ናርዶስ የሎሚ አይስክሬም በላች። ከዚያ ከአክስቷ ጋር ብዙ ደረጃ ወጥተው አሮጌውን ግንብ አዩ፤ ምሳቸውንም እዚያው በሉ።

ድንገት ናርዶስ ብብቷን ዳሰሰች። ድንቡሼ የለችም።

ድንቡሼ የጨርቅ አሻንጉሊቷ ናት። ያለ ድንቡሼ ናርዶስን እንቅልፍ አይወስዳትም።

«አክስቴ፣ አይስክሬም ቤት ረሳኋት።»

«በይ እንውረድ። አውቶቡሳችን በዘጠኝ ሰዓት ይሄዳል።»

ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፤ ደረጃውን ወረዱ። አክስቷ ጉልበቷን አመማትና መጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ናርዶስ ፊት ለፊት ወዳለው አይስክሬም ቤት ሮጠች።

በሩ ተዘግቷል። ሁሉም በር ተዘግቷል። መንገዱ ላይ አንድም ሰው የለም።

ናርዶስ ግራ ገባት። ሰዎቹ የት ሄዱ?

በእነናርዶስ ሰፈር በር ሲዘጋ ሰው ይጣራል። እሷም ተጣራች።

«ቤቶች! ኳ! ኳ!»

አንዲት ድመት ብቅ አለች። «ሚያው» ብላ ሄደች።

ናርዶስ ይበልጥ ግራ ገባት። ወደ ጎረቤቱ በር ሄደች።

«ቤቶች! ኳ! ኳ!»

ከውስጥ «ኽርርር... ፉ! ኽርርር... ፉ!» የሚል ድምፅ መጣ።

ጅብ ነው? አንበሳ ነው? ናርዶስ ጭራሽ ግራ ገባት። ወደ አይስክሬም ቤቱ ሮጣ ተመለሰች።

«ቤቶች! ኳ! ኳ! ኳ!»

ሲጥጥ... ከላይ መስኮት ተከፈተ። ጠዋት አይስክሬም የሸጡላት አሮጊት ፀጉራቸውን በቢጎዲን ጠቅልለው ብቅ አሉ፤ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው «ሽሽሽ!» አሉ።

አክስቷ እያነከሰች መጣች። «አንቺ ልጅ፣ አገሩን ሁሉ ቀሰቀሽው እኮ።»

«በቀን ተኝተው ነው? አሟቸው ነው?»

«ኧረ ደህና ናቸው። እዚህ ምሳ ተበልቶ ሱቅ ይዘጋል፣ ሰውም ይተኛል። በአስር ሰዓት ይነሳሉ።»

አውቶቡሱ ግን የሚሄደው በዘጠኝ ነው። የናርዶስ ዓይኖች እንባ ሞሉ።

አክስቷ ቀና ብላ ለአሮጊቷ በጣሊያንኛ በቀስታ ነገረቻቸው። አሮጊቷ ከመስኮቱ ጠፉ።

ናርዶስ ጠበቀች። ጠበቀች።

ከዚያ በገመድ የታሰረ ቅርጫት ከመስኮቱ መውረድ ጀመረ። ቀስ... ቀስ... ቀስ...

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«እዚህ ከላይ ያለ ሰው ደረጃ መውረድ ሲሰለቸው፣ ዳቦውንም ቲማቲሙንም በቅርጫት ያወጣል፣ ያወርዳል።»

ናርዶስ በእግሯ ጣቶች ቆማ ወደ ቅርጫቱ አየች። ድንቡሼ በፎጣ ተጠቅልላ ተኝታለች።

ናርዶስ በሁለት እጇ ተቀበለቻት። ጎንበስ ብላ፣ ማንንም እንዳትቀሰቅስ በሹክሹክታ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

አሮጊቷ አማርኛ አያውቁም። ግን እሳቸውም ጎንበስ አሉላት፤ አንድ ቢጎዲንም ከራሳቸው ላይ ጠብ አለ። ናርዶስ አንስታ ቅርጫቱ ውስጥ ጨመረችላቸው። ቅርጫቱም ቀስ... ቀስ... እያለ ወጣ።

በዘጠኝ ሰዓት አውቶቡሱ ተነሳ።

«እኔ በቀን አልተኛም» አለች ናርዶስ፣ የአክስቷን ጭን ተንተርሳ።

«እሺ፣ የኔ ቆንጆ።»

ሮካቬርዴ ገና እንደተኛች ነበረች። ድንቡሼም ተኛች። ናርዶስም።