የቃልአብ የጫማ ማሰሪያ

ወይዘሮ የሺመቤት ጎሮ ሰፈር ባለው ቤታቸው፣ በሳሎኑ ሶፋ ላይ ታንቀው የተገኙት እሑድ ጠዋት ነው። አንገታቸው ላይ ነጭ የጫማ ማሰሪያ ተጠምጥሟል። ኢንስፔክተር ሰምሃል ስትደርስ ሬሳው ገና አልተነሣም፤ ፍርዱ ግን ተሰጥቶ አልቋል። ገዳዩ አብሯቸው የሚኖረው የልጅ ልጃቸው ቃልአብ ነው ተብሏል።

ልጁ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ባለፈው ሳምንት መገናኛ ላይ ስልክ ሲሰረቅ አጠገቡ ከቆሙ ልጆች ጋር ታፍሶ፣ ከጎልማሶች ጋር ታስሮ ሰንብቶ፣ ዓርብ በዋስ ወጥቷል። ቤቱ ውስጥ ለተሰበሰቡት የተከበሩ ሰዎች ከዚህ ወዲያ ማስረጃ አያስፈልግም።

የቤቱ ተከራይ ዓወት ጠበቃ ነው። ልጁ ከተፈታ ወዲህ በሩን ሁለቴ እንደሚቆልፍ ለኢንስፔክተሯ በኩራት ነገራት። የሟች ወንድም አቶ አያሌው ደግሞ ዋስ የሆኑት እሳቸው መሆናቸውን ደጋግመው አስታወሱ። በእንባቸው መሐል እንኳን ደግነታቸውን አልረሱም።

«ጫማውን እዪው የኔ ልጅ፤ ማሰሪያ የለውም። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አሏት።

ሰምሃል ጎንበስ ብላ አየች። እውነትም ማሰሪያ የለውም፤ ቀዳዳዎቹ ግን በደረቀ ጭቃ ተደፍነዋል። ልጁ ሱሪውን በግራ እጁ ጨብጦ ቆሟል።

«ጭቃው የመቼ ነው?»

«የዓርብ። ስፈታ ዝናብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከቤት አልወጣሁም፤ አያቴ ይጠቋቆሙብሃል አለችኝ።»

ሰምሃል ሳጅን ተካልኝን ወደ አቶ አያሌው መኪና ላከችውና፣ ሬሳው ሲነሣ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች።

«ማሰሪያው ትናንት ማታ ከጫማው ተመዝዞ ቢሆን ኖሮ የቀዳዳዎቹ ጭቃ ይፈረፈር ነበር» አለች። «ጭቃው ሲገባ ማሰሪያው አልነበረም። ልጁ ሲታሰር ቀበቶውንና ማሰሪያውን ፖሊስ ተቀብሎታል። ሲፈታ ደግሞ ንብረቱ በፌስታል የሚሰጠው ለዋሱ ነው።»

«ያኔውኑ ሰጥቼዋለሁ» አሉ አቶ አያሌው።

«ቀበቶውም እዚያው ውስጥ ነበር። ከሰጡት ታዲያ ለምን ሱሪውን በእጁ ይዞ ይውላል?»

ተካልኝ ፌስታል ይዞ ገባ። በውስጡ ቀበቶና አንድ ነጭ ማሰሪያ ብቻ ነበር።

«ቤቱን የሚወርሰው ቃልአብ ነው» አለች ሰምሃል። «ነፍሰ ገዳይ ከተባለ ግን አይወርስም፤ ቤቱም ለእርስዎ ይተርፋል። አንዱን ማሰሪያ ለእህትዎ አዋሉት። ቀበቶውን መመለስ ግን ትዝ አላለዎትም። እሱን እንደ ሰው አላዩትማ።»

ካቴናው በአቶ አያሌው እጅ ከገባ በኋላ ተካልኝ ጉሮሮውን ጠረገ። ዋሱ ስለታሰሩ ልጁም አዲስ ዋስ እስኪያገኝ ወደ ጣቢያ መመለስ እንዳለበት ተናገረ። ሰምሃል ዓወትን አየችው። ጠበቃው ስልኩን እየነካካ ቀጠሮ እንዳለበት አስረዳት። ይህን ሁሉ የፈታችው ሴት አፈረች።

«ቀበቶዬን ልውሰድ?» አለ ቃልአብ።

«ኤግዚቢት ነው» አለው ተካልኝ።

ቃልአብ ሱሪውን እንደጨበጠ ወጣ። ማንም ሳያዘው የፖሊስ መኪናውን የኋላ በር ከፍቶ ገባ።